ቃርሚያ

ከኦንታሪዮ ሰሜን፣ ጥድ ከሚያጅበው
ሐይቅ ዳር ከተማ አለች፣ ስሟ የሚገርመው፤
ኮባልት ይሏታል።
ብር ፍለጋ መጥተው
ኮባልቱን በአካፋ ወዲያ እየጣሉት፣
ስሙን ለከተማ፣
አካሉን ለጉድባ አካፍለው ሰጡት።

ብሩ በባቡር ሄደ። የቀረው አተላ
ተወቅጦ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣
ሸለቆው ላይ ፈሶ፣ ኩሬውን ሞልቶ፣
ግራጫ ሜዳ ሆኖ ተኝቷል መቶ ዓመት፣
ሣር እንኳ ሳይደፍረው፣ ወፍ ሳይቆምበት።

እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ቧንቧ እሰካለሁ።
ሦስት ሜትር፣ አምስት ሜትር፣ ጭቃ አወጣለሁ፤
በከረጢት አስሬ፣ ቁጥር ጽፌበት፣
ወደ ላቦራቶሪ፣ ሚዛን ወዳለበት።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ጠላው ሲያልቅ ደርሶ፣
በአተላው ላይ ውሃ ቸልሶ፣ ቀምሶ፣
«ቅራሪ ይወጣዋል?» ብሎ መጠየቅ መልሶ።

አለቃዬ ቬይኮ፣ የፊንላንዶች ዘር፣
ሲጋራ ከተወ ማስቲካ ነው ሥራው፣ ሲያኝክም ሲናገር፤
«የአያቶቻችን ጥራጊ የልጆቻችን ባትሪ ነው» ይላል፣
ለጎብኚ ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳያጓድል።
እኔ ግን ጣቴ ደንዝዞ፣ ጭቃ ጓንቴ ገብቶ፣
ባትሪ አይታየኝም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ አመዳይ ሲጥል፣
ብቻዋን መጣች የሰፈሩ አሮጊት፣ ኦዲል።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፤ ዱላ አልያዘችም፤
የያዘችው ጠርሙስ ክዳን የለውም።
ውስጡ ድንጋይ አለ፤ ጥቁር ነው መሠረቱ፣
ሮዝ ሻጋታ ወርሶታል ከላይ፣ ከአናቱ።

«አባቴ ኦሬል ነው ከጉድጓድ ያወጣው።
ከብሩ ጋር ጭኖት ፎርማኑ ቢያየው፣
‹ይህን እርኩስ ድንጋይ ማን ጫነው?› ብሎ
የሁለት ቀን ደሞዝ ቆረጠው ነጥሎ።
አባቴ እልኸኛ፦ ‹ከፍዬበታለሁ፣ የኔ ነው› ሲል ምሎ
ቤት ይዞት ገባ፣ በምሳ ዕቃው አዝሎ።
መስኮት ላይ አኖረው።
ሌሊት ሌሊት ያስለው ነበር፤ ደረቱ ሲያፏጭ እሰማው ነበር፤
ድንጋዩ ዛሬም አለ፤ አባቴ ነው የሌለው።»

ሽጉጥ የምትመስል መመርመሪያ አለችን፤
ደገንኩበት፤ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቅን።
ኮባልት፣ ዘጠኝ ከመቶ። ቬይኮ አፏጨ።
አርሴኒክ፣ ሠላሳ አንድ። ማንም አላፏጨ።

«ይህ ማለት ምንድነው?»
«ይህ ማለት፣» አለ ቬይኮ፣ «አባትሽ ልክ ነው።»

ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፤
ቆየችና ደግሞ እንዲህ ጠየቀች፦
«የተጣለው ሁሉ ይለቀማል ካላችሁ፣
ያችን የሁለት ቀን ደሞዝ
ስንት ሜትር ላይ ታገኟት ይሆን ቆፍራችሁ?»

ቬይኮ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።
እኔ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦
ሁለት ቀን። ኦሬል ብሪዝቧ። ጥልቀቱ ያልታወቀ።

ቃርሚያ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ የመጣው አጫጅ
ፍሬውን ሰብስቦ፣ እሾኹን ትቶ ሄዷል ደጅ።
ኮባልቱን ስትቀሰቅስ አርሴኒኩም ይነሣል፣
እንደ ተኛ ውሻ፣ የነካውን ይነክሳል።
ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው፦ አሲድ፣ ኖራ፣ ሚዛን፣ ትዕግሥት፤
መርዙን ለብረት ድረን፣ ድንጋይ አርገን ማኖር፣
ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ተመልሶ እስኪኖር።
ይህን ለጎብኚ የሚናገር የለም፤ ረጅም ነው፤ ያሰለቻል።

ድንጋዩን ልትሰጠን አልመጣችም ኖሯል።
«ዋጋውን አወቅሁት፤ አሁን መልሱልኝ» አለች።
ቬይኮ ከመኪናው የሰናፍጭ ክዳን አምጥቶ
ጠርሙሱን ከደነው፤ ጠበቅ አርጎ አሽቶ፦
«እጅሽን ታጠቢ፣ ቤት ስትገቢ።»
«ሰባ ዓመት አልታጠብኩም» ብላ ሄደች፣
በግራጫው ሜዳ ሮዝ ነጥብ ይዛ እየራቀች።

ቧንቧውን ሰካሁት። አራት ሜትር። አምስት።
ስድስተኛው ላይ የጭቃው ቀለም ተለወጠ።